አሜሪካና መካከለኛው ምስራቅ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ ቡና ላይም ሆነ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ማቆሚያ አካባቢ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሌላ ካልተባለ በቀር ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መካከለኛው ምስራቅ የሚባለው የትኛው አካባቢ ነው?

እኛ ዘንድ «ዓረብ ሀገር» የሚባለው አብዛኛው እዚህ ውስጥ ይገባል። ሳዑዲ፣ የመን፣ ኤምሬትስ፣ ኳታር፣ ኩዌት፣ ባህሬን፣ ኦማን፣ ኢራቅ፣ ሶሪያ፣ ሊባኖስ፣ ዮርዳኖስ፣ ፍልስጤምና ግብጽ ማለት ነው። ዓረብ ያልሆኑት እስራኤል፣ ኢራንና ቱርክም ይጨመራሉ። ኢራንን ዓረብ የሚል ሰው ብዙ ነው። አይደለችም። የሚበዛው ሕዝቧ ፋርስ ነው፣ ቋንቋዋም ፋርስኛ ነው።

አሜሪካ ከውቅያኖስ ማዶ ሆና እዚያ ምን ትሠራለች?

ታሪኩ እኛንም የሚነካ ጅማሬ አለው። የካቲት 1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲል ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ይመለሱ ነበር። በመንገዳቸው የስዊዝ ቦይ መሃል ባለው ሐይቅ ላይ፣ «ኩዊንሲ» በተባለች የጦር መርከብ ውስጥ፣ የሳዑዲውን ንጉሥ አብዱልአዚዝን አገኙ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የዘለቀው «ነዳጅ ከእናንተ፣ ጥበቃ ከእኛ» የሚለው ግንኙነት ሥሩ ያች ቀን ናት ይባላል። በዋዜማው እዚያችው መርከብ ላይ ተጋብዘው የነበሩት ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። እሳቸው ያነሱት የባህር በር ጉዳይ ነበር።

እስከዚያ ድረስ አካባቢውን የሚያዙበት እንግሊዝና ፈረንሳይ ነበሩ። 1956 ላይ በስዊዝ ቦይ ጉዳይ ግብጽን ወግተው አፍረው ተመለሱ። የለቀቁትን ቦታ አሜሪካ ገባችበት፤ ሶቪየት ኅብረትም በሌላ በኩል ገባች። 1980 ላይ ፕሬዝዳንት ካርተር ነገሩን በአደባባይ ተናገሩት፦ የፋርስ ባህረ ሰላጤን ለመቆጣጠር የሚሞክር የውጭ ኃይል ካለ፣ አሜሪካ በጦር ኃይልም ቢሆን ትመክታለች አሉ።

የጦር ሰፈሮቹ ከዚያ ወዲህ በዙ። አምስተኛው የባህር ኃይል መምሪያ ባህሬን ነው። ትልቁ የአየር ሰፈር ኳታር ያለው አል ኡደይድ ሲሆን 10,000 ገደማ ወታደር ይይዛል። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ደግሞ ሌላውን ያውቀዋል፤ ካምፕ ሌሞኒየር ጅቡቲ አየር ማረፊያ አጠገብ ነው።

አሜሪካ ራሷ ነዳጅ ካላት ለምን አትወጣም?

እውነት ነው፣ አላት። ከ2018 ጀምሮ ከዓለም ብዙ ድፍድፍ ነዳጅ የምታወጣው እሷ ናት። ችግሩ የነዳጅ ዋጋ የሚቆረጠው በዓለም ገበያ መሆኑ ነው። በኢራንና በኦማን መካከል ባለው የሆርሙዝ ሰርጥ በቀን 20 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ያልፍ ነበር፤ ዓለም ከሚጠቀመው አንድ አምስተኛው ማለት ነው። እሱ ቢዘጋ ቴክሳስ ያለው ማደያም ዋጋ ይጨምራል። የቤንዚን ዋጋ የጨመረበት ፕሬዝዳንት ደግሞ ምርጫ ላይ ይቀጣል።

ይህን እኛም እናውቀዋለን። በጥቅምት 1973 ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ለእስራኤል መሣሪያ በአውሮፕላን ስታመላልስ የዓረብ ሀገራት ነዳጅ አቆሙ፣ ዋጋው ሰማይ ነካ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1966 አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ሾፌሮች በነዳጅ ጭማሪው አድማ መቱ። ወሎ በረሀብ ባለቀበት ማግስት ነበር። አብዮቱን ያመጣው ነዳጅ ብቻ ነው ማለት አይደለም፤ ክብሪቱ ግን ከሩቅ ነው የመጣው።

ሌላም አለ። የጦር ሰፈር ያለው፣ መሣሪያ የሚሸጥ፣ ውል የፈረመ ሀገር በአንድ ጠዋት ተነስቶ አይወጣም። ኦባማም ትራምፕም ባይደንም ወደ እስያ ፊታችንን እናዞራለን ብለው ነበር። ሦስቱም ተመልሰው እዚያው ገቡ።

እስራኤልን ለምን ያን ያህል ትደግፋለች?

አንድ ምክንያት ብቻውን አይበቃም። ፕሬዝዳንት ትሩማን ግንቦት 14 ቀን 1948 እስራኤል በታወጀች በ11 ደቂቃ ውስጥ ዕውቅና ሰጡ። የራሳቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርሻል ግን ተቃዋሚ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለእስራኤል ዋናዋ መሣሪያ አቅራቢ ፈረንሳይ እንጂ አሜሪካ አልነበረችም። እንዲያውም 1956 ላይ እስራኤል ሲናን ስትይዝ ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ተጭነው አስወጧት። ስለዚህ «ከጥንትም አንድ ናቸው» የሚለው ልክ አይደለም።

ግንኙነቱ የጠበቀው ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ነው። ሶቪየት ግብጽንና ሶሪያን ስታስታጥቅ አሜሪካ እስራኤልን አስታጠቀች። ቀዝቃዛው ጦርነት ቢያልቅም ልማዱ ቀጠለ። 2016 ላይ በኦባማ ዘመን የተፈረመው ውል ለአሥር ዓመት 38 ቢሊዮን ዶላር ወታደራዊ እርዳታ ይሰጣል፤ በዓመት 3.8 ቢሊዮን ማለት ነው። ከዚህ ላይ የአሜሪካ የውስጥ ፖለቲካ አለ። ብዙ ሰው «አይሁዶች ገንዘብ ስላላቸው ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ይሄ ስንፍና ነው። እንደ አይፓክ ያሉ ጠንካራ ጎትጓች ድርጅቶች መኖራቸው እውነት ነው። በቁጥር ግን ከአይሁዳውያን መራጮች ይልቅ እስራኤልን በመጽሐፍ ቅዱስ ትንቢት የሚያዩ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች እጅግ ይበልጣሉ። የሪፐብሊካን ፓርቲ ያለ እነሱ አይቆምም።

ድጋፉ የማይነቃነቅ ነው ማለትም አይደለም። የጋዛው ጦርነት ሲበረታ፣ መጋቢት 2024 አሜሪካ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋ የጸጥታው ምክር ቤት የተኩስ አቁም ውሳኔ እንዲያልፍ ፈቀደች። ግንቦት ላይ ባይደን ከባድ ቦንቦችን የጫነ አንድ ጭነት አዘገዩ። በሰኔ 2025 ግን 14 ሀገሮች የደገፉትን የተኩስ አቁም ውሳኔ አሜሪካ ብቻዋን ሻረችው። ወጣት አሜሪካውያን ዘንድ ስሜቱ ተቀይሯል፤ የአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) ዘንድ ግን ገና ነው።

ታዲያ ጉዳዩ የሃይማኖት ጦርነት ነው?

ወሎ ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጎረቤት ለጎረቤት ላለመቀያየም ነው። መልሱ ግን ብዙም አያስፈራም፤ በዋናነት አይደለም።

የአሜሪካ የቅርብ ወዳጆች እነማን እንደሆኑ ብቻ ማየት ይበቃል። ሳዑዲ መካና መዲና ያሉባት ናት። ግንቦት 2025 ትራምፕ ሪያድ ሲሄዱ የ142 ቢሊዮን ዶላር የመሣሪያ ስምምነት ተበሰረ። ኳታር፣ ኤምሬትስ፣ ኩዌት፣ ባህሬን፣ ዮርዳኖስና ግብጽ ሁሉም ሙስሊም የሚበዛባቸው ናቸው፤ ሁሉም ከዋሽንግተን ጋር ይሠራሉ። በሌላ በኩል በፍልስጤም ክርስቲያኖችም አሉ፤ የጋዛ አብያተ ክርስቲያናትም ተመተዋል።

ሃይማኖት ምንም ቦታ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የአሜሪካ መራጭ፣ የእስራኤል ሰፋሪ፣ የኢራን መንግሥት፣ የጋዛው ታጣቂ ቡድን ሐማስ፣ ሁሉም በሃይማኖት ቋንቋ ሰው ይቀሰቅሳሉ። ሰው ለማሰለፍ ይጠቅማል። ወዳጅ ሲመርጡ ግን ሁሉም ካርታና ገንዘብ ያያሉ።

ከኢራን ጋር ምን አጣላቸው?

ኢራናውያን ከ1953 ይጀምራሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅ የእንግሊዞችን የነዳጅ ኩባንያ ለሀገር አደረጉ። የአሜሪካና የእንግሊዝ የስለላ ድርጅቶች መፈንቅለ መንግሥት አቀነባብረው አወረዷቸው፤ ሥልጣኑን ሻሁ ጠቀለሉት። አሜሪካውያን ደግሞ ከ1979 ይጀምራሉ። አብዮቱ ሻሁን አባረረ፤ ኅዳር ላይ ተማሪዎች ቴህራን ያለውን የአሜሪካ ኤምባሲ ይዘው ሠራተኞቹን 444 ቀን አገቱ። ሁለቱም ወገን የራሱን ዓመት እየጠራ ነው የሚከራከረው።

2015 ላይ ኢራን የኑክሌር ሥራዋን ልትገድብ፣ በምትኩ ማዕቀብ ሊነሳላት ተስማሙ። በ2018 ትራምፕ ከስምምነቱ ወጡ፣ ኢራንም ቀስ በቀስ ዩራኒየም ማበልጸጓን ከፍ አደረገች። በጥር 2020 አሜሪካ የኢራኑን ጄኔራል ሱሌይማኒን ባግዳድ ላይ በድሮን ገደለች። ሰኔ 13 ቀን 2025 እስራኤል ኢራንን መምታት ጀመረች፤ ሰኔ 22 አሜሪካ ፎርዶ፣ ናታንዝና ኢስፋሃን ላይ ያሉትን የኑክሌር ጣቢያዎች ደበደበች። በማግስቱ ኢራን በአል ኡደይድ ሰፈር ላይ ሚሳኤል ተኮሰች፤ ቀድማ አሳውቃ ስለነበር የሞተ ሰው አልነበረም። ከዚያ ተኩስ አቁም ተባለ።

የእኔ ግምት ከ2018ቱ ውሳኔ የበለጠ ዋጋ ያስከፈለ የለም። ተቆጣጣሪዎች ገብተው የሚያዩት ስምምነት ነበረ። እሱን ቀዶ ከሰባት ዓመት በኋላ በቦንብ ያንኑ መፈለግ ምን ይባላል?

ኢራቅን ለምን ወረሩ?

መጋቢት 2003 የተሰጠው ምክንያት የኢራቁ መሪ ሳዳም ሁሴን ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቋል የሚል ነበር። ተፈልጎ አልተገኘም። በ2001 አሜሪካ ላይ የደረሰው የመስከረም 11 ጥቃት ካመጣው ድንጋጤ ጋር፣ አካባቢውን በኃይል እንለውጠዋለን የሚል እምነት በፕሬዝዳንት ቡሽ አማካሪዎች ዘንድ ነበረ። ሠራዊቱን በትነው መሣሪያ የለመደ ሕዝብ ሥራ ፈት አደረጉት። ከዚያ ፍርስራሽ ውስጥ አይሲስ ተነሳ፤ ከዚያው ውስጥ ኢራን በኢራቅ ላይ የጎላ ተሰሚነት አገኘች። አሜሪካ ለኢራን ካደረገችላት ውለታ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው ብሎ የሚቀልድ አለ። ቀልድ አይመስልም።

ሁቲዎች እነማን ናቸው? አሜሪካስ ለምን ደበደበቻቸው?

ሁቲዎች ከሰሜን የመን፣ ከሰዓዳ የተነሱ የዘይዲ ሺዓ ታጣቂዎች ናቸው። 2014 ላይ ዋና ከተማዋን ሰነዓን ያዙ። 2015 ላይ ሳዑዲ የመራችው ጥምረት ጦርነት ከፈተባቸው፤ አሜሪካ መሣሪያና መረጃ ሰጠች፣ ለተወሰኑ ዓመታትም አውሮፕላኖቹን በአየር ላይ ነዳጅ ትሞላ ነበር። ኢራን ደግሞ ሁቲዎቹን ረዳች።

ጥቅምት 7 ቀን 2023 ሐማስ እስራኤል ላይ ጥቃት አድርሶ 1,200 ገደማ ሰው ከገደለ፣ እስራኤልም ጋዛን መደብደብ ከጀመረች በኋላ፣ ሁቲዎች ለጋዛ ነው ብለው ቀይ ባህር ላይ መርከብ መምታት ያዙ። ኅዳር ላይ «ጋላክሲ ሊደር» የተባለችውን መርከብ በሄሊኮፕተር ወርደው ወሰዷት። ከጥር 2024 ጀምሮ አሜሪካና እንግሊዝ የመንን ደበደቡ። መጋቢት 15 ቀን 2025 ትራምፕ ከዚያ የከፋ ዘመቻ ከፈቱ። ግንቦት 6 በኦማን አደራዳሪነት ቆመ፤ እኛን አትምቱ፣ አንመታችሁም ተባባሉ። እስራኤል በስምምነቱ ውስጥ አልነበረችበትም። በሐምሌ ወር ሁቲዎች ሌሎች ሁለት የንግድ መርከቦች አሰመጡ።

የቀይ ባህሩ ግጭት ኮምቦልቻ ላይ ዕቃ ያስወድዳል?

ያስወድዳል፤ ግን ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። ካርታውን እንይ። ጅቡቲ ያለችው ከባብ ኤል ማንደብ ሰርጥ በደቡብ በኩል፣ ወደ ኤደን ባህረ ሰላጤ ነው። ከቻይና የሚመጣ ዕቃና ከኩዌት ወይም ከሳዑዲ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚመጣ ነዳጅ ሰርጡን ሳያልፍ ጅቡቲ ይደርሳል። ሰርጡን ማለፍ ያለበት ከአውሮፓ፣ ከቱርክ ወይም ከጥቁር ባህር የሚመጣው ነው፤ ስንዴ፣ ማሽን፣ መለዋወጫ የመሳሰለው።

ታዲያ የቻይናው ዕቃ ለምን ይወደዳል? መጀመሪያ መድን። አካባቢው የጦርነት ቀጠና ሲባል መርከቡ የሚከፍለው መድን ይንራል፤ በ2024 መጀመሪያ ከመርከቡ ዋጋ 1 በመቶ ገደማ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ሁለተኛው መስመር ነው። ወደ አውሮፓ ሲያልፉ ጅቡቲን ይነኩ የነበሩ ትልልቅ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄድ ጀመሩ፤ ጉዟቸው እስከ ሁለት ሳምንት ረዘመ። መርከቡ ካልመጣ ኮንቴይነሩ ሌላ ወደብ ላይ ወርዶ በትንሽ መርከብ ይመጣል። ያ ሁሉ ተደምሮ ነው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚደርሰው።

ነገር ግን ሁሉን በሁቲ ማሳበብም ልክ አይደለም። ሐምሌ 2024 መጨረሻ ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ 57 የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከመቶ በላይ ሆነ። ሰኞ ገበያ ላይ ዘይት የጨመረበትን ሰው «ቀይ ባህር ነው» ብሎ የሚመልስ ነጋዴ ግማሹን ነው የነገረው። እኛን በቀጥታ የሚያንቀን ከባብ ኤል ማንደብ ይልቅ ሆርሙዝ ነው። እሱ ሲዘጋ ነዳጁ ከምንጩ ነው የሚቆመው።

ሰዓዳ ላይ የሞቱት ኢትዮጵያውያን ነገርስ?

ሚያዝያ 28 ቀን 2025 ሰዓዳ ውስጥ አፍሪካውያን ስደተኞች የታሰሩበት ማቆያ በአሜሪካ የአየር ጥቃት ተመታ። የሁቲ ባለሥልጣናት 68 ሰው ሞቷል አሉ። የአሜሪካ ጦር ወሬውን እንደሰማና እያጣራ እንደሆነ ተናገረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኋላ ባወጣው ዘገባ ጥቃቱ እንደ ጦር ወንጀል ሊመረመር ይገባል ብሏል፤ ያነጋገራቸው ከጥቃቱ የተረፉት ሰዎች ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ከደቡብ ወሎ ለሚሄድ ልጅ መንገዱ የታወቀ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከዚያ አፋር፣ ከዚያ ጅቡቲ ኦቦክ፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ የሳዑዲ ድንበር። ሰዓዳ የድንበሩ ዋዜማ ናት። ሂውማን ራይትስ ዋች ነሐሴ 2023 ያወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ ይናገራል፤ ሳዑዲ አልተቀበለችውም። ወደ ኋላ ሁቲ ያስራል፣ ወደ ፊት ጥይት ይጠብቃል፣ ከላይ ደግሞ ቦንብ ወረደ። ስለ አሜሪካ ፖሊሲ በቴሌቪዥን የሚተነትኑ ሰዎች ይህን ማቆያ አያነሱትም። እኛ ሠፈር ግን ስልክ ደውሎ የጠፋበት ቤት አለ።

እህቴ ዱባይ ወይም ኳታር ናት። ጦርነት ቢነሳ ምን ታድርግ?

«አብሽሪ» ማለት ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚሠራ ሥራ አለ። የፓስፖርቷና የመኖሪያ ፈቃዷ ፎቶ ዛሬውኑ ቤተሰብ ስልክ ውስጥ ይግባ። ፓስፖርቱን ብዙ ጊዜ የሚይዘው አሠሪ ነው፤ ቅጂው የሚጠቅመው ያኔ ነው። የአሠሪው ሙሉ ስም፣ ከተማውና ሰፈሩ ይጻፍ። «ማዳም ቤት ናት» የሚለው ለኤምባሲ ምንም አይጠቅምም። የቆንስላው ስልክ ወረቀት ላይ ይኑራት፤ ስልኳ ሊወሰድ ይችላል።

ሊባኖስ ያስተማረን ይሄንን ነው። በ2024 እስራኤል ደቡብ ሊባኖስን ስትደበድብ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤት ትተው ሸሹ፤ ኢትዮጵያውያት ቤይሩት ጎዳና ላይ አደሩ። ሰኔ 2025 ኢራን ኳታር ላይ ስትተኩስ ደግሞ የኳታር ሰማይ ለሰዓታት ተዘጋ። አውሮፕላን የለም ሲባል የሚረዳው አስቀድሞ የተያዘ ወረቀትና አብረው ያሉ ያገሯ ልጆች ናቸው። ወረቀት ቢኖራትም ባይኖራትም ደግሞ የተኩስ ቪዲዮ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ እንዳትለጥፍ ንገሯት፤ አንዳንዶቹ ሀገሮች በዚህ ያስራሉ።

ትናንት አሸባሪ ያሉትን ዛሬ ይጨብጡታል። ፖሊሲያቸው በፕሬዝዳንት ነው የሚቀያየረው?

በከፊል። ሁቲዎችን እንመልከት። ጥር 2021 ትራምፕ አሸባሪ አሏቸው። የካቲት ላይ ባይደን ሰረዙት። ጥር 2024 ባይደን ቀለል ባለ መልኩ መለሱት። 2025 ላይ ትራምፕ ሙሉውን መለሱት። የሶሪያው አማጺ መሪ አህመድ አል ሻራዕ ራስ ላይ የ10 ሚሊዮን ዶላር ጉርሻ ነበር፤ ታኅሣሥ 2024 የሶሪያውን ፕሬዝዳንት አሳድን ካስወገዱ በኋላ ተነሳ፤ ግንቦት 2025 ሪያድ ላይ ከትራምፕ ጋር ተጨባበጡ።

በሕጉ ጦርነት የሚያውጀው ምክር ቤቱ ነው። የ1973ቱ ሕግ ፕሬዝዳንቱ ጦር ሲያሰማራ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቅ፣ ፈቃድ ካላገኘም በ60 ቀን እንዲያቆም ያዛል። በተግባር ሁሉም ፕሬዝዳንቶች ሕጉን ዞረው ያልፉታል። የማይቀየረው ገንዘቡ ነው። የእስራኤል 3.8 ቢሊዮን፣ የግብጽ 1.3 ቢሊዮን፣ የባህሬኑ መምሪያ፣ ማን ተመረጠ ሳይል ይቀጥላሉ።

አሜሪካ በዓባይ ጉዳይ ለምን ለግብጽ አደላች?

ምክንያቱ ዓባይ ዳር አይደለም ያለው፤ በ1978 አሜሪካ ግብጽንና እስራኤልን ያደራደረችበት ካምፕ ዴቪድ ነው። 1979 ግብጽ ከእስራኤል ጋር ሰላም ፈረመች። ከዚያ ወዲህ ካይሮ የእስራኤል ደቡባዊ ድንበር ሰላም፣ የስዊዝ ቦይና የጋዛ ድርድር ቁልፍ ናት። ዋሽንግተን ግብጽን ስታስብ ቀድሞ የሚመጣላት ይሄ ነው እንጂ የጉባ በረሃ አይደለም።

ስለዚህ በ2019 መጨረሻ ድርድሩን የመራው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሳይሆን የግምጃ ቤቱ ሚኒስቴር ነበር። ኢትዮጵያ የካቲት 2020 የመጨረሻው ስብሰባ ላይ አልሄደችም። መስከረም ላይ አሜሪካ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እርዳታ አቆመች። ጥቅምት ላይ ትራምፕ ግብጽ ግድቡን ታፈነዳዋለች አሉ። ይህን ያሉት የት ነው? ሱዳንና እስራኤል ግንኙነት ሊጀምሩ መሆኑን በሚያበስሩበት የስልክ ጥሪ ላይ። ነገሩ ሁሉ ከዚያ ገመድ ጋር የታሰረ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ባይደን እርዳታውን ከግድቡ ለዩት፤ ግድቡም መስከረም 2025 ተመረቀ።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ላይ የሆነውስ የዚሁ ፖሊሲ ውጤት ነው?

ሌላ ዴስክ፣ ሌላ ፋይል ነው፤ አሠራሩ ግን ይመሳሰላል። ፓርኩ 2017 ላይ ሲመረቅ የልብስ ፋብሪካዎቹ ዓይን ያረፈው አጎዋ ላይ ነበር፤ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መሸጥ። ያለ አጎዋ አንዳንድ ልብስ ላይ ቀረጡ 30 በመቶ ያልፋል። ኅዳር 2 ቀን 2021 ባይደን በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ አስታወቁ። ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ወጣች።

ቀኑን አስተውሉ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ የገባበት ሳምንት ነበር። ፓርኩ ተዘረፈ። ጦርነት የተዋጋው ሌላ፣ ማዕቀቡ ሲመጣ ከሥራ የቀረችው ልብስ ሰፊዋ። የንግድ ዕድል መንፈግ መንግሥትን ያስጨንቃል ተብሎ ነው የሚወሰደው። የሚያስጨንቀው ግን በቅድሚያ ቤት ኪራይ የምትከፍለውን ልጅ ነው። ይህን በደንብ ያሰቡበት አይመስለኝም።

ቻይና ወይም ሩሲያ ቢተኳትስ ይሻለን ነበር?

ቻይና መጋቢት 2023 ሳዑዲንና ኢራንን ቤጂንግ ላይ አስታርቃለች፤ ትልቅ ሥራ ነው። ጅቡቲ ላይም ከ2017 ጀምሮ የጦር ሰፈር አላት። ነገር ግን መርከብ ሲመታ የቻይና ባህር ኃይል ሁሉን ጠባቂ ሆኖ አልወጣም፤ የራሱን አጀበ። ሰኔ 2025 ኢራን ስትደበደብ ሞስኮም ቤጂንግም አወገዙ እንጂ አልተዋጉም። ሩሲያ ለአሳድ ለዓመታት ተዋግታ በመጨረሻ ማረፊያ ሰጠችው።

ኢትዮጵያ ከጥር 2024 ጀምሮ ብራዚል፣ ሩሲያ፣ ሕንድና ቻይና ያሉበት ብሪክስ የተባለው ስብስብ ውስጥ ናት፤ እዚያው ኢራንም፣ ኤምሬትስም፣ ግብጽም አሉ። አንዱን ጌታ በሌላ መለወጥ ሳይሆን ከብዙዎች ጋር መደራደር የተሻለ ይመስለኛል። ለዚህ ግን ቤት ውስጥ ሰላም ያስፈልጋል። እርስ በርሱ የሚዋጋ ሀገር ሁልጊዜ አንድ አስታጣቂ ይፈልጋል፤ አስታጣቂ ደግሞ ዋጋ አለው። የመንና ሶሪያ ለዚህ ምስክር ናቸው።

ልጁ በአሜሪካ ቦንብ የሞተበት ቤተሰብ ካሳ መጠየቅ ይችላል?

በፍርድ ቤት በኩል መንገዱ የተዘጋ ያህል ነው። አሜሪካ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት አባል አይደለችም። የመንም ኢትዮጵያም አይደሉም። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ደግሞ በውጊያ ላይ ለደረሰ ጉዳት መንግሥታቸው እንዲከሰስ በተለምዶ አይፈቅዱም።

የቀረው በፈቃድ የሚሰጥ ክፍያ ነው። ምክር ቤቱ ለመከላከያ መሥሪያ ቤቱ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ዶላር ለዚህ እንዲያወጣ ፈቅዶ ነበር፤ ግዴታ ግን አይደለም። አፍጋኒስታን ኩንዱዝ ላይ 2015 ሆስፒታል ተመትቶ 42 ሰው ሲሞት ለሟች ቤተሰብ 6,000፣ ለቆሰለ 3,000 ዶላር ተከፍሏል። ያ የሆነው ሆስፒታሉ የታወቀ ድርጅት ስለነበር፣ ስምም መዝገብም ስለነበረው ነው። የሰዓዳው ማቆያ ይህ የለውም።

ስለዚህ ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው መዝገቡን ራሱ መሥራት ነው። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ከቤት የወጣበት ቀን፣ ያጓጓዘው ደላላ፣ የመጨረሻው የስልክ ጥሪ ቀንና ቁጥር፣ ፎቶ፣ አብሮት የነበረ ሰው ምስክርነት። «ካሳ አስፈጽማለሁ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ከመጣ ግን አትስጡት። የጠፋ ሰው ለማፈላለግ የቀይ መስቀል የቤተሰብ ማገናኛ አገልግሎት አለ፤ ክፍያ አይጠይቅም።